ጎንደር ከራካቬሉ በላይ ናት

ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ይቅርታ፤ ባለፈው ሳምንት ከጓደኞቼ ጋር ሄርሞን ነበርኩና ጉንፋኑ እስካሁን አልለቀቀኝም።

እውነቱን ልንገራችሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ነይ ስኪ እንሂድ» ሲሉኝ መልሴ አንድ ነበር፦ «ተዉኝ እባካችሁ፣ ይሄ የኛ ነገር አይደለም። ሐበሻና በረዶን ምን አገናኛቸው?» ሁሉም ይስቃል፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። ቀልዱ ግን ሽፋን ነበር። ለመግቢያ፣ ለጫማና ለስኪ ኪራይ፣ ለአስተማሪ የሚከፈለው ለኔ ብዙ ነው፤ ያንን መናገር አፈርኩ። መውደቅም ፈራሁ። በዚያ ሁሉ ነጭ መሃል አንዲት ጥቁር ልጅ ስትወድቅ ሰው ሁሉ የሚያያት መሰለኝ።

ዘንድሮ ወቅቱ ሊያበቃ ነው ሲባል፣ ከሥራዬ ያጠራቀምኩትን ይዤ «እሺ» አልኩ። ከሐይፋ ሳይነጋ ተነሳን። መንገድ ላይ ለአያቴ ደወልኩ፤ ሳልነግራቸው ሩቅ ከሄድኩ ይቆጣሉ።

«ወዴት ነው በዚህ ሌሊት?» አሉኝ።

«ሄርሞን፣ በረዶ ላይ ልንሸራተት።»

«አርሞንዔም? ዳዊት በመዝሙሩ ጠሉን ያነሳው?»

«አዎ እማማ።»

«ለመንሸራተት ትከፍያለሽ? እኛ በነፃ ነበር የምንንሸራተተው!» ብለው ሳቁ። ከዚያ፣ ልጅ ሳሉ ሰሜን ተራሮች አካባቢ ጠዋት መሬቱ አመዳይ ለብሶ፣ እሳቸው በባዶ እግራቸው ከብት ያወጡ እንደነበር ነገሩኝ። ይህን ነግረውኝ አያውቁም። እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም።

ስንደርስ ስልኬን አውጥቼ ከፍታውን አየሁ። የታችኛው ጣቢያ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ራካቬሉ፣ ያው በገመድ የሚጎተተው ወንበር፣ የሚያደርሰው 2,040 ሜትር ድረስ ነው። ጎንደር ከተማስ? ከ2,100 ሜትር በላይ! ራስ ዳሸንማ ከ4,500 ያልፋል። ጎንደር ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ነው እንጂ በረዶ የማይጋገርባት፣ በከፍታ አትታማም። በክረምት ኦሎምፒክም ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል፤ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነበር። በ2010 ቫንኩቨርም ተመልሷል። እና እኔ ነኝ «የኛ አይደለም» የምለው?

አሁን ስለ በረዶው። የወቅቱ መጨረሻ በረዶ ተንኮለኛ ነው። ሌሊት ይጠጥርና ጠዋት እንደ መስታወት ያንሸራትታል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀልጦ እንደ ገንፎ ይከብድና ስኪውን ይይዘዋል። ጉልበታችሁን ጠብቁ። ጥሩው ሰዓት መሃሉ ነው፣ ፀሐይ ትንሽ ስታለሰልሰው። አስተማሪያችን መጀመሪያ ያስተማረን መውደቅን ነው፦ ወደ ጎን፣ ቁጭ እንደማለት። ቀጥሎ ማቆምን፦ የስኪዎቹን አፍንጫ አቀራርቦ ኋላቸውን መክፈት።

ቆጥሬያለሁ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ወደቅኩ። አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ በአጠገቤ እንደ ወፍ አለፈ። ማንም ግን አላየኝም፤ ሁሉም የሚያየው የራሱን እግር ነው። አንድ ሽማግሌ ብቻ እጃቸውን ሰጥተው አነሱኝ። በአሥራ ሁለተኛው እስከ ታች ሳልወድቅ ደረስኩ፤ ጩኸቴ ነታኒያ እናቴ ጋ ሳይሰማ አይቀርም።

ምሳ ላይ የገንዘቡን ነገር ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። አንዷ ልብሱን ከእህቷ ተውሳ ነው የመጣችው፤ ሌላዋ ስድስት ወር አጠራቅማለች። ለካ ሁላችንም አፍረን ዝም ብለን ኖሯል! ያላ፣ በሚቀጥለው ዓመት አብረን ከአሁኑ እናጠራቅም ተባባልን።

ብዙ ነገር «የኛ አይደለም» እንላለን። አንዳንዱን በር በእውነት የዘጉብን ሌሎች ናቸው፤ እሱ ራሱን የቻለ ክፍል ይፈልጋል። አንዳንዱን ግን በቀልድ የዘጋነው እኛው ነን። የናንተ የትኛው ነው? ጻፉልኝ።

እማማ፣ ይህን ከሰሙ፦ ራካቬሉ ለማይንሸራተትም ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት አብረን እንወጣለን፣ ጫማ ግን እናደርጋለን። ደህና ሁኑ።