ዩዲፒ የሚባለው የኢንተርኔት መላላኪያ ምንድን ነው? ያሰጋናል ወይ?

(የማኅበሩ ጸሐፊ በአሰላ በአዳራሻችን በተደረገው ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር። ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)

ዛሬ የምናገረው ስለ መዋጮ አይደለም። ባለፈው ስብሰባ ስላጨቃጨቀን ስለ አዳራሹ ኮምፒውተር ነው።

እንደምታስታውሱት ነገሩ እንዲህ ነበር። ኮምፒውተሩ ሌሊት ሌሊት ኢንተርኔት ሲጠቀም ተገኘ። ሰው በሌለበት የራውተሩ መብራት ሲርገበገብ ያድራል። የገዛነው ፓኬጅም ወሩ ሳይጋመስ አለቀ። ከዚያ የዊንዶውስ መከላከያ ዝርዝር ተከፍቶ ሲታይ፣ አንድ የፋይል መለዋወጫ ፕሮግራም «በዩዲፒ» በኩል እንዲገባና እንዲወጣ ተፈቅዶለታል። በዚያው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የአባላት መዝገብ አለ። ስለዚህ «የማኅበሩ ምስጢር እየወጣ ነው» ተባለ፤ ኮምፒውተሩን የሚጠብቀው ልጅም ቁልፉን እንዲያስረክብ ተወሰነበት።

ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤውንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዩዲፒ ምን እንደሆነ ሳላውቅ እኮ ነው በሰው ልጅ እንጀራ ላይ እጄን ያወጣሁት! እኔ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም መጠየቅ አያሳፍርምና ልጁንም፣ ኮምፒውተር የሚያስተምሩ ሰዎችንም ጠየቅሁ። የተረዳሁትን በእኛው አነጋገር ላስረዳ።

1ኛ/ ዩዲፒ ምንድን ነው?

በኢንተርኔት የሚላክ ነገር ሁሉ፣ ዘፈንም ይሁን ደብዳቤ፣ በትንንሽ ቁራጭ ተቆራርጦ ነው የሚሄደው። ቁራጮቹን ለማድረስ ሁለት ዋና ሥርዓቶች አሉ፤ አንዱ ቲሲፒ፣ ሌላው ዩዲፒ ይባላል። ሁለቱንም በእድራችን እናውቃቸዋለን።

ቲሲፒ እንደ መዋጮ ሰብሳቢያችን ነው። በር ያንኳኳል፤ «ማነው?» ይባላል፤ «እኔ ነኝ» ይላል፤ ተከፍቶለት ገንዘቡን ተቀብሎ ደረሰኝ ይቆርጣል። ያጣው ቤት ካለ ተመልሶ ይሄዳል። ሥራው የተጣራ ነው፤ ጊዜ ግን ይፈጃል።

ዩዲፒ ደግሞ እንደ ጡሩምባ ነፊያችን ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ «እገሌ አርፈዋል፣ ቀብር በ6 ሰዓት» ብሎ ያልፋል። ማን ሰማ፣ ማን ተኛ ብሎ አይቆምም። ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ድምፁን ከወሰደበት የማይሰማ ቤት ይኖራል። ነገር ግን ሠፈሩን በአጭር ጊዜ ያዳርሰዋል። በየበሩ እያስፈረመ ቢሄድ ኖሮ ከቀብር በኋላ ነበር የሚጨርሰው።

ይህ ሥርዓት ትናንት የመጣ አይደለም። ደንቡ ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የሚለጥፈው መግለጫ 8 ባይት ብቻ ነው፤ የቲሲፒ ቢያንስ 20 ነው። ውጭ አገር ካሉት ልጆቻችን ጋር በቪዲዮ ስንነጋገር ድምፁም ምስሉም በአብዛኛው የሚመጣው በዩዲፒ ነው። አንዳንዴ ፊታቸው የሚቆራረጠው የጠፋችው ቁራጭ ስለማትጠበቅ ነው። ስለዚህ «ዩዲፒ የሚባል ይዘጋ» ብንል የልጆቻችንን ድምፅ መስማትም ይቸግረናል።

2ኛ/ ፋይል መለዋወጫ ፕሮግራሞች ለምን ይጠቀሙበታል?

አንድ አባታችን «ቪዲዮስ ይቆራረጥ፤ ፋይል ግን ሙሉ ሆኖ መድረስ የለበትም ወይ? ታዲያ ለምን በጡሩምባ ይላካል?» ብለው ጠይቀውኛል። እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር።

በኮምፒውተራችን ላይ የተገኘው ፕሮግራም ቢትቶረንት በሚባለው ዘዴ ይሠራል። ዘዴውን ብራም ኮኸን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2001 አወጣው። አሠራሩ ደቦ ነው። አንድ ትልቅ ፋይል ይቆራረጣል፤ አንዱ ያለውን ቁራጭ ለሌላው ይሰጣል፤ ከሌላው ደግሞ የጎደለውን ይወስዳል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ እንደ ማኅተም ያለ መለያ ቁጥር አለው። የደረሰው ቁራጭ ከማኅተሙ ጋር ካልገጠመ ይጣላል፣ እንደገና ይጠየቃል። ስለዚህ መዝገቡን የሚይዘው ፕሮግራሙ ራሱ ነው፤ ጡሩምባው ቢያጎድል ፕሮግራሙ ያሟላል።

ዩዲፒን የመረጡበት ምክንያት ሦስት ነው።

ሀ/ መንገድ ለመልቀቅ። ቀድሞ በቲሲፒ ብቻ ሲሠሩ፣ አንዱ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ከብዙ ሰው ጋር እየተያያዘ መስመሩን ይሞላው ነበር። በዚያው ቤት ያለ ሌላ ሰው ምንም መክፈት አይችልም። ይህን ለማስታገስ በዩዲፒ ላይ የቆመ ዩቲፒ የሚባል ዘዴ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ዩቶረንት በሚባለው ፕሮግራም የተለመደ ሆነ። መስመሩ ላይ ወረፋ በዝቶ ቁራጮቹ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ከዘገዩ ፕሮግራሙ ራሱን ያቀዘቅዛል። ጭነት የያዘ ሰው ጠባብ ድልድይ ላይ ቆሞ እግረኛ እንደሚያሳልፈው ነው። ይህን በቲሲፒ ማድረግ አስቸጋሪ ነበር፤ የቲሲፒ ደንብ በዊንዶውስ ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ ፕሮግራሙ እንደልቡ አይለውጠውም። ዩዲፒ ግን ደንቡን ለፕሮግራሙ ይተውለታል።

ለ/ ለማፈላለግ። ይህ ፋይል ማን ጋ አለ ብሎ ለብዙ ኮምፒውተሮች አጭር ጥያቄ ይልካል፤ አጭር መልስ ያገኛል። ለአንዲት ቃል በየበሩ «ማነው?» መባባል ድካም ነው።

ሐ/ በር ለማለፍ። የእኛ ራውተር ሳይጠራ የመጣ እንግዳ አያስገባም፤ የሌላውም ሰው ራውተር እንዲሁ ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ በዩዲፒ ወደ ውጭ ሲላላኩ፣ እያንዳንዱ ራውተር «ይህ የጠራነው መልስ ነው» ብሎ ያሳልፋል።

ለካ መብራቱ ሌሊት የሚርገበገበው ለዚህ ነበር።

3ኛ/ ታዲያ ያሰጋል ወይስ አያሰጋም?

ዩዲፒ መንገድ ነው። መንገድ አይሰርቅም፤ ሌባ ግን በመንገድ ይሄዳል። ስለሆነም የሚያሰጋውንና የማያሰጋውን እንለይ።

የራሱ የዩዲፒ ድክመት አንድ ነው። «ማነው?» ስለማይባል ላኪው ስሙን ሊዋሽ ይችላል። አንድ ተንኮለኛ ለጡሩምባ ነፊው «የእገሌ ቤት ለቅሶ ነው» ብሎ ቢዋሽ፣ ሠፈሩ በሙሉ ድንኳን ይዞ ጤነኛ ሰው ደጅ ይሰበሰባል። በኢንተርኔትም እንዲሁ በሐሰት አድራሻ ትንሽ ጥያቄ ልከው ብዙ መልስ በሌላ ሰው ላይ ያዘንባሉ። የቢትቶረንት ፕሮግራሞች ለዚህ መሣሪያ ሊሆኑ እንደሚችሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 አሳይተዋል፤ በዚያው ዓመት የፕሮግራሙ ባለቤቶች ማሻሻያ አውጥተዋል። አሮጌ ፕሮግራም አስቀምጦ መጠቀም ጥሩ ያልሆነው በዚህም ምክንያት ነው።

የቀረው ስጋት ከዩዲፒ አይደለም፤ በቲሲፒም ቢሆን ያው ነው።

ማኅተሙ ቁራጩ እንዳልተበላሸ ይመሰክራል እንጂ፣ መጀመሪያ ያዘጋጀው ሰው ታማኝ ስለመሆኑ አይመሰክርም። በማኅተም የታሸገ መርዝም መርዝ ነው። በተለይ «በነፃ» ተብሎ ማለፊያ ቁልፉ ተሰብሮ የሚመጣ ፕሮግራም ቫይረስ ይዞ መግባቱ የተለመደ ነው።

ሁለተኛ፣ ደቦው ውስጥ ያለ ሁሉ የሌላውን የኢንተርኔት አድራሻ ያያል። ማን ምን እንደወሰደ ድብቅ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ደቦ ነውና ስንወስድ እንሰጣለን። ሥራው ካለቀ በኋላም ፕሮግራሙ ካልተዘጋ ሲሰጥ ያድራል። ፓኬጃችንን የበላው ይኸው ነው።

አራተኛ፣ የሰው ድካም ያለበትን ፊልምና ዘፈን ያለፈቃድ ማሰራጨት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው። መንገዱ ንጹሕ ቢሆንም ጭነቱ የሰው ሊሆን ይችላል።

4ኛ/ ስለ ልጁ

ፕሮግራሙ ውስጥ ምን እንደተወሰደና ምን እንደተሰጠ የሚያሳይ ዝርዝር አለ። ከልጁ ጋር ተቀምጠን አንድ በአንድ አየነው። አንዱ ኡቡንቱ የሚባል፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው በነፃና በዚሁ መንገድ የሚያድሉት የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ ልጁ በመጋዘን የተጣሉትን ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ሊያስነሣበት ነበር። ሌሎቹ ፊልሞች ናቸው፤ እነርሱን ማውረድ አልነበረበትም፤ እርሱም አምኗል። የአባላት መዝገብ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ፕሮግራሙ የሚሰጠው ለደቦው የገባውን ፋይል ብቻ ነው፤ በሌላ ቦታ የተቀመጠ ጽሑፍ አይነካም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ መዝገቡን ማንም በሚቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ ያለ ይለፍ ቃል ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ልጁ ፕሮግራም ሳይዘጋ በማደሩ ጥፋተኛ ነው፤ እኔ ሣጥን ሳልቆልፍ ሌባ በመፈለጌ ጥፋተኛ ነኝ። በጉባኤው ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

በመሆኑም የሚከተለውን የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ፦

1. ቁልፍ እንዲያስረክብ የተላለፈው ውሳኔ ይሻር፤ ልጁ በቃል ተመክሮ ሥራውን ይቀጥል።
2. የአባላት መዝገብ ከዚያ ኮምፒውተር ተነሥቶ ይለፍ ቃል ባለው ፍላሽ ይቀመጥ፤ ፍላሹ ከገንዘብ ሣጥኑ ጋር ይቆለፍበት።
3. የፋይል መለዋወጫ ፕሮግራም ባለቤቱ ለፈቀደው ፋይል ብቻ ይከፈት፤ የሚሰጠው መጠን ይገደብ፤ ማታ ይዘጋ።
4. ፕሮግራም ከባለቤቱ ገጽ ብቻ ይወሰድ፤ በየጊዜው ይታደስ። ኮምፒውተሩ «ልፍቀድ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ያልገባው ሰው ጠይቆ ይመልስ እንጂ እሺ ብሎ አይለፍ።

እኔ ያልገባኝን ነገር ሳልጠይቅ ፈርጄ ነበር። እናንተ ግን አሁን ሰምታችኋልና አውቃችሁ ድምፅ እንድትሰጡ በትሕትና እጠይቃለሁ።