የሚበላ ዛጎል በኬክ ላይ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ዛጎል ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ባሕር አይቶ የማያውቅ ደገኛ እንኳ በቆዳ ዕቃና በስፌት ላይ ተደርድሮ ያውቀዋል። ደንበኛው ዛሬ ለሠርግ ኬክ የሚያዘው ግን ከዚህች ትንሽ ነጭ ዛጎል ሌላ ነው፤ ማራገቢያ የሚመስለውን፣ እንደ ቀንድ የተጠማዘዘውን፣ ውስጡ እንደ ሉል የሚያበራውን ይፈልጋል። ከዚያም በላይ እንዲበላ ይፈልጋል።

ከስኳር ወይም ከቸኮሌት የተሠራ ዛጎል ሐሰተኛ መስሎ የሚታየው ብዙ ጊዜ በቀለም ጉድለት ሳይሆን በቅርጽ ጉድለት ነው። ዛጎል ባንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ አይደለም። በውስጡ የሚኖረው ለስላሳ እንስሳ በጠርዙ ላይ ኖራማ ንጥረ ነገር እየጨመረ ያሳድገዋል፤ ስለዚህ የዕድሜው ታሪክ በገላው ላይ ይነበባል። በማራገቢያ መሳዩ ዛጎል ላይ ከመጋጠሚያው ተነሥተው ወደ ጠርዝ የሚዘረጉ ሸንተረሮች አሉ፤ እነርሱን የሚያቋርጡት ቀጫጭን ቅስቶች ደግሞ የዕድገቱ ምልክቶች ናቸው። ጀማሪ ሠራተኛ ሸንተረሮቹን ያወጣና ቅስቶቹን ይረሳል፤ ያን ጊዜ ሥራው ዛጎል መሆኑ ቀርቶ የትንንሽ ኬክ መጋገሪያ ወረቀት ይመስላል።

ጠምዛዛው ዛጎል ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጫፉ ወደ ላይ ተደርጎ አፉ ወደ ተመልካች ሲዞር፣ ከጥቂት ዐይነቶች በቀር፣ አፉ የሚገኘው በቀኝ በኩል ነው። የስኳር ሊጥ እንደ ጅራፍ ወደ አንድ ወገን እየቀጠነ ይድቦለቦልና ከቀጭኑ ጫፍ ተጀምሮ ወደ ታች ይጠመጠማል፤ እያንዳንዱ ዙር ከበላዩ ካለው መስፋት አለበት። ለውበት ሲባል ግራና ቀኝ እንደ መስተዋት ምስል አድርጎ ጥንድ መሥራት የተለመደ ቢሆንም፣ ባሕር የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይስቅበታል።

ሊጡ ቶሎ እንዲደርቅና ቅርጹን እንዲይዝ ከተፈጨ ስኳር ጋር ትራጋካንት የተባለው የቁጥቋጦ ሙጫ ይገባበታል። የተሠራውን ለማጣበቅና ለማወዝ ከግራር የሚገኘው ሙጫ በውሃ ተሟሙቶ ያገለግላል፤ ይህ ደግሞ የኢትዮጵያ ቆላ የሚሰጠው ሀብት ነው። እውነተኛውን ዛጎል በቀጥታ ፎርማ ማድረግ ግን አይገባም። በስንጥቁ ውስጥ የሚቀረው አሸዋና ቆሻሻ በመታጠብ ብቻ አይወጣም። ለምግብ በተፈቀደ ሲሊኮን ቅጂውን አውጥቶ በዚያ መሥራት ይሻላል።

በቸኮሌት ለሚሠራ ሰው ዋናው ነገር ሙቀት ነው። ጥቁሩ ቸኮሌት እስከ 45 ወይም 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ እየተማሰለ ወደ 27 ወይም 28 ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ 31 ወይም 32 ይመለሳል። የካካዎው ቅቤ በትክክል የሚረጋው በዚህ መንገድ ነው፤ ሲቀዘቅዝም በመጠኑ ስለሚኮማተር ከፎርማው በራሱ ይለቃል፣ ገጹም ያበራል። ነጭና ጥቁር ቸኮሌት ጨርሶ ሳይዋሐድ ቢፈስ፣ በቤልጂግ ዛጎሎች የታወቀው የእብነ በረድ መልክ ይገኛል። ይህ ቀለም የማይፈልግ ማስጌጫ ስለሆነ ከሁሉም ይመረጣል።

ስኳር አፍልተው የሚስቡ ባለሙያዎች በውጭ አገር መጽሐፍ የተጻፈውን ዲግሪ እንዳለ ቢከተሉ ይሳሳታሉ። ያ ልክ ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ስለሆነ፣ 150 የሚለው በ142 አካባቢ ይደርሳል፤ እስከ 150 የጠበቀ ሰው ከመጠን በላይ የጠቆረና የሚሰበር ስኳር ያገኛል። ሁሉም በየወጥ ቤቱ አስቀድሞ ንጹሕ ውሃ አፍልቶ ቴርሞሜትሩ የሚያሳየውን ቢመዘግብ ልዩነቱን ራሱ ያውቀዋል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ማለትም ወደ ሉል መሰሉ ብርሃን እንመለስ። ብዙ ሰው ይህን የሚያገኘው በሚያብረቀርቅ ዱቄት ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ በሮድ አይላንድ ግዛት የልደት ኬክ የበሉ 6 ሕፃናት ታመው አስታወኩ። ሲመረመር በኬኩ ላይ የነበረው ወርቃማ ሮዝ ዱቄት የመዳብ ብናኝ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት የአገሩ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በማሸጊያው ላይ «መርዝነት የለውም» ወይም «ለጌጥ ብቻ» ተብሎ መጻፉ ይበላል ማለት አይደለም። የሚበላ ዱቄት ንጥረ ነገሮቹ አንድ በአንድ የተዘረዘሩለት ነው። ዝርዝር የሌለውን ዱቄት፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከምግብ ጋር ማገናኘት አይገባም። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለንጣት ሲገባ የኖረው ቲታኒየም ዳዮክሳይድ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በምግብ ውስጥ ተከልክሏል። የዛጎል ውስጥ ለስላሳነት በቀጭን ሊጥና በጥቂት የግራር ሙጫ ቅባት ሊመሰል ይችላል፤ ብርሃኑ ትንሽ ቢደበዝዝም።

ለጾም ኬክ የሚሠራ ሰው ሌላም ይጠብቀዋል። ጀላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ይወጣል፤ ካርሚን የተባለው ሮዝ ቀለም የሚገኘው ከተባይ ነው፤ ነጭ ቸኮሌት ወተት አለበት። ጀላቲኑ የዐሣማ ከሆነ ለሙስሊም ደንበኛም አይሆንም። ማሸጊያው የማያመለክት ከሆነ ሻጩ ይጠየቅ።

የተጠናቀቁት ዛጎሎች በማቀዝቀዣ ውስጥ አይገቡም፤ ሲወጡ እርጥበት ይይዛቸውና ይለጥፋሉ፣ በክረምት ወራት ደግሞ ይብሳል። በደረቅ ሣጥን ውስጥ እንዲቆዩ ይደረጋል። በቅቤ ክሬም ላይ ሲቀመጡ ከሥራቸው ስለሚለሰልሱ፣ ታችኛው ገጻቸው አስቀድሞ በቀለጠ የካካዎ ቅቤ ይቀባል፤ ኬኩ ላይ የሚደረደሩትም ከመረከቡ አንድ ሰዓት በፊት ነው።