ቪላችንና ራዲያተሯ
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ በጉምቦ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ «ስለ ቪላዋ ተናገሩልን» ብሎ ሲጠይቀን ቀልድ መስሎን ነበር። ከእኛ በፊት የተናገሩት ስለ ዕድሩ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርትና ስለ ሟቾቻችን ተናግረዋል። እኛ ስለ ራዲያተር ልናወራ ነው። መካኒኮች አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ሱቅ ነጋዴዎች ነን። ሆኖም ራዲያተሩ ያስተማረን ነገር የዚህን ማኅበር ጥቅም ስለሚያሳይ ታገሡን።

«እኛ» ስንል ገንዘብ አዋጥተን ከአዲስ አበባ በካምፓላ በኩል የመጣን ሦስት ሸሪኮች ማለታችን ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 የሱዳን የሰላም ስምምነት ናይሮቢ ላይ ከተፈረመ በኋላ «ጁባ ሥራ አለ» ተባለ። ሥራውስ ነበር፤ ቤት ግን አልነበረም። ያኔ ሆቴል የሚባለው በነጭ አባይ ዳር የተተከለ ድንኳን ወይም ኮንቴይነር ሲሆን የአንድ ሌሊቱ ዋጋ የእኛን ካፒታል በወር ውስጥ የሚጨርስ ነበር።

ካምፓላ ውስጥ አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ አውሮፓዊ መንገደኛ የሚሸጠው መኪና አገኘን። መርሴዲስ 608 ዲ ናት። ጀርመኖች ይህን ዓይነት መኪና ከ1967 እስከ 1986 ድረስ ሠርተዋል። ለፖስታ ቤት፣ ለእሳት አደጋና ለዕቃ ማመላለሻ የተሠራ ጠንካራ መኪና ሲሆን ጡረታ ሲወጣ ብዙዎች አልጋና ምድጃ እያስገቡ ቤት አድርገውታል። የእኛዋም እንዲሁ ናት። ውስጧ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያና ትንሽ ቁም ሣጥን ነበራት። ሦስታችን አይተናት ሳቅን። «ይኸው ቪላ!» አልን፤ ስሟም ያው ሆኖ ቀረ።

የኒሙሌ መንገድ ያኔ ኮረኮንች ነበር። 192 ኪሎ ሜትሩ አስፋልት ሆኖ የተመረቀው በ2012 ነው። ጉምቦ ስንደርስ መሸብንና «ድልድዩን ነገ እንሻገራለን» ብለን አደርን። እስከ ዛሬ አልተሻገርንም። የቪላዋን የጎን በር ከፍተን ሳሙና፣ ስኳርና ባትሪ ደረደርን። ቀን ሱቅ ነበረች፣ ማታ ቤት። ከእናንተ መካከል አገሩን እስኪለምዱ ድረስ እሷ ውስጥ ያደሩ ብዙዎች ናቸው።

አሁን ወደ ራዲያተሩ እንምጣ። ቪላዋ ከቆመች ዓመታት አልፈው ሱቃችን ወደ ቆርቆሮ ቤት ተዛውሮ ነበር። ራዲያተሯ ያንጠባጥብ ነበር። በሳሙናና በሙጫ ደፈንነው፤ ሲጎድል ከውኃ ቦቴ የተቀዳ የአባይ ውኃ ጨመርንበት። «የትም አትሄድ፣ ምን ቸገረን?» እንል ነበር።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ጁባ ውስጥ ውጊያው ዳግም ሲነሣ ያላትን ሁሉ ጠየቅናት። ተኩሱ ጋብ ሲል አሥራ ሰባት ሰው፣ አብዛኞቹ እናቶችና ሕፃናት፣ ጭነን ወደ ኒሙሌ ተነሣን። ንሲቱ ሳንደርስ የሙቀት ጌጁ ቀይ ላይ ወጣ፤ ከፊት በኩል እንፋሎት ተነሣ። ማንም ሊቆምበት በማይፈልገው መንገድ ላይ ቆምን። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅንና ውኃ ፈለግን። የነበረው ውኃ ልጆቹ የሚጠጡት ነበር። እናቶቹ አንድ ቃል ሳይናገሩ ጀሪካኑን ሰጡን። ልጆቹ እያዩን ውኃቸውን ራዲያተሩ ውስጥ ጨመርነው። እየቆምን፣ እያቀዘቀዝን፣ በመንገድ ላይ ውኃ እየለመንን፣ በፈጣሪ ቸርነት ኒሙሌ ገባን። ያን ቀን «ምን ቸገረን» ያልነው ቃል አሳፈረን።

ስንመለስ ቃል ገባን፤ ቪላዋ እንደገና ልትቆምብን አይገባም። ግን የዚህች አሮጊት ራዲያተር የት ይገኛል?

ጁባ ውስጥ ብንዞር የላንድክሩዘርና የአይሱዙ እንጂ የእሷ የለም። ቀጥለን ከአንድ ጎረቤት አገር ከተማ ሱቅ በስልክ አዘዝን። «ልክ የእሷ ነው» ብለው የላኩልን የአሉሚኒየም ራዲያተር የውኃ መግቢያው በተቃራኒው ጎን ሆኖ ተገኘ። ገንዘባችን አልተመለሰም። ጥፋቱ ግማሹ የራሳችን ነበር፤ የመኪናውን ስም ብቻ ነግረን ልኩን አልነገርንም።

ሌላው ችግር ቋንቋ ነበር። እኛ አዲስ አበባ ላይ ስለ መኪና የምናወራው ግማሹን በጣሊያንኛ ነው፤ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቺንጋ፣ ካምቢዮ እንላለን። ካምፓላ ላይ በእንግሊዝኛ ካልሆነ አይገባቸውም። እዚህ ደግሞ መለዋወጫ ሁሉ «እስቢር» ነው፤ ራዲያተሩም «ለዲተር» ይባላል። ስም በየድንበሩ ይለዋወጣል፤ ቁጥር ግን አይለወጥም። ይህን የነገረን አንድ የውኃ ቦቴ ሾፌር ወንድማችን ነው። «የመኪናዋን ስም ተዉት፤ ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር አንብቡ» አለን። ዘይትና አቧራውን ጠርገን ስናይ ኦኤም 314 ይላል። ባለ አራት ሲሊንደር፣ 3.8 ሊትር ናፍጣ ሞተር ነው። ለካ ይህ ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር የሆነው የኦኤም 352 ታናሽ ወንድም ነው። የፒስተናቸው ስፋትና ምት አንድ ነው፤ 97 በ128 ሚሊ ሜትር። 352ቱ ደግሞ በአሮጌዎቹ የመርሴዲስ የጭነት መኪናዎች ላይ አፍሪካን የዞረ ሞተር ነው። ፈላጊ የሌላት መስላን የነበረችው ቪላ በየገበያው ዘመድ ነበራት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ፍለጋው የእኛ ብቻ መሆኑ ቀረ። በማኅበሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ቁጥሩንና ልኩን በወረቀት ጽፈን አደልን። ናይሮቢ ዘመድ ያለው ወደ ኪሪንያጋ መንገድ ደወለ። ካምፓላ የሚመላለሱት በመለዋወጫ ወደታወቀው ኪሴካ ገበያ ሄዱ። እዚህ ፊት ለፊታችን የተቀመጡት፣ ቡናቸውን ያልጠጣ የጉምቦ ሰው የሌለ እማማ ደግሞ መርካቶ ሶማሌ ተራ የሚሠራ የወንድም ልጅ ነበራቸው።

የተገኘውም እንዲህ ነው። ክዳኑ፣ ቺንጋውና የጎማ ቱቦዎቹ ከኪሴካ መጡ። ቴርሞስታቱና የውኃ ፓምፕ መጠገኛው ከናይሮቢ መጡ። ሙሉ ራዲያተር ግን የትም አልተገኘም። መፍትሔው ከሶማሌ ተራ መጣ። የእማማ ልጅ ስልኩን አንሥቶ «አሮጌውን ጣላችሁት እንዴ?» ሲል ጠየቀን። አልጣልነውም ነበር። «እንግዲያው ራዲያተር አላችሁ፤ የጎደላችሁ ሆድ ዕቃው ነው» አለን።

አሮጌ ራዲያተር ከመዳብና ከናስ የተሠራ ነው። የላይና የታች ጋኖቹ በብየዳ የተያያዙ ስለሆኑ በእሳት ይፈታሉ፤ መካከል ያሉት ቱቦዎችና ክንፎች ተቆርጠው በሌላ ይተካሉ። የዛሬዎቹ አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ግን በጥርስ ተቆንጥጠው የተገጠሙ ስለሆኑ እንዲህ አይፈቱም። ራዲያተራችንን ውኃውን አድርቀን፣ በጨርቅ ጠቅልለን ወደ አዲስ አበባ ላክነው። ከጭነት መኪና የተገኘ የመዳብ ሆድ ዕቃ በልኩ ተቆርጦ በራሷ ጋኖች ላይ ተበየደ። እማማ ለዘመድ ሰርግ ሄደው ሲመለሱ እንደ ሙሽራ ሻንጣ ይዘውት መጡ። ከንሲቱ መንገድ በኋላ ሰባት ወር ወስዷል።

አሮጌው ሆድ ዕቃ ሲከፈት ምን ተገኘ? የአባይ ጭቃና የውኃ ድንጋይ። ከቱቦዎቹ ግማሽ ያህሉ ተደፍነው ነበር። እኛው ራሳችን በጀሪካን የጨመርነው ጭቃ ነው። በዚያ ላይ የክዳኑ ስፕሪንግ ሞቶ ነበር። ክዳን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ውኃ ጁባ ላይ በ98 ዲግሪ ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው ስለሚበልጥ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክዳኑ ውኃውን በግፊት ስለሚይዘው መፍላቱን ያዘገየዋል። 0.9 ወይም 13 የሚል ቁጥር ያለበት ደህና ክዳን ወደ ሃያ ዲግሪ የሚጠጋ ትርፍ ይሰጣል። ክዳኑ ከላላ ራዲያተሩ አዲስ ቢሆንም ሙቀት በበረታበት በየካቲትና በመጋቢት ይፈላል።

ስለዚህ ቦቴ፣ ጄኔሬተር ወይም አሮጌ መኪና ያላችሁ ቤተሰቦች ይህችን ምክር ውሰዱ። ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን፣ ቺንጋውን፣ ቴርሞስታቱን፣ ፋኑንና ቱቦዎቹን እዩ። ሞተሩ ሲሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የማያቋርጥ ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሊሆን ስለሚችል ራዲያተር መግዛት ብቻ አያድናችሁም። የምትገዙ ከሆነ ቁመቱን፣ ወርዱን፣ ውፍረቱን፣ የቱቦዎቹን ረድፍ፣ መግቢያና መውጫው በየት ጎን እንደሆነ ጽፋችሁ ከፎቶግራፍ ጋር ላኩ። አሮጌውን አዲሱ ተገጥሞ ሳይሠራ ለቁራሌ አትስጡ። የወንዝ ውኃ አትጨምሩ፤ የተጣራ ውኃ ከዝገት መከላከያው ጋር ጨምሩ። ትኩስ ሞተር ላይ ክዳን በፍጹም አትክፈቱ። ልጆችንም አርቁ።

ዛሬ ቪላዋ ውጭ ቆማለች። በየሳምንቱ እናስነሣታለን፤ ሁለት ጊዜም በሽተኛ ይዛ አዲሱን የነፃነት ድልድይ ተሻግራለች። በኪሎ ሊገዟት የመጡ አሉ። መዳቧ ብቻ ጥሩ ዋጋ ያወጣል አሉን። አልሸጥናትም። ከሦስታችን አንዱ በሕይወት የለም፤ የተኛበት አልጋ ግን እሷ ውስጥ አለ።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ እናቅርብ። በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ትልቅ ደብተር ይቀመጥ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ያለውን መኪና ወይም ጄኔሬተር፣ የሞተሩን ቁጥር፣ በየትኛውም ከተማ መለዋወጫ የሚያውቅ ዘመድ ካለው ይጻፍበት። ደብተሩን እኛ ገዝተን አምጥተናል፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የቪላዋን ቁጥር ጽፈናል። ሁለተኛው ገጽ ባዶ ነው። ዛሬ ከመሄዳችሁ በፊት ሙሉት። በንሲቱ መንገድ ላይ ውኃቸውን ከሰጡን ልጆች አንዱ ዛሬ ይህን ድምፅ ማጉያ የሚያስተካክልልን ወጣት ነው። የዚያን ቀን ዕዳችንን በዚህ ብንከፍል ብለን ነው።

ፈጣሪ ለሁለቱም አገሮቻችን ሰላም ይስጥ።