ለስፌት የሚሆን ካውያ እንዴት እንምረጥ?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከስፌት ክፍል አባላት አንዷ ያቀረቡት ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ካውያ ነው። ከጋራ ቁጠባችን ለስፌት ክፍሉ አዲስ ካውያ እንዲገዛ መወሰናችንን ታውቃላችሁ። ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ግን ገና አልተቆረጠም። ገንዘቡ ከእያንዳንዳችን መዋጮ የተጠራቀመ ስለሆነ ከመውጣቱ በፊት በደንብ ብንነጋገርበት ይሻላል።

የስፌትን ማማር የሚወስነው የስፌት መኪናው ብቻ አይደለም። የተሰፋው ሁሉ ተከፍቶ ካልተተኮሰ ኮሌታው ይጠማዘዛል፣ የቀሚሱ ዘርፍ ይንጠለጠላል። ከቁርጥራጭ ጨርቅ በምንሠራው የአልጋ ልብስ ላይ ደግሞ ጉዳዩ የባሰ ነው። በአንድ ስፌት ላይ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ተጣጥፎ ቢቀር፣ በ20 ስፌት 4 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል። ያን ጊዜ ማዕዘኑ አልገጥም ይላል፤ መፍታት ይመጣል።

ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን የደንበኛ ቀሚስ ስትተኩስ ካውያው ከልክ በላይ ግሎ ጨርቁን አቀለጠው። እሷ ሙቀቱን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ የተበላሸው የካውያው ሙቀት መቆጣጠሪያ ነው። ደንበኛዋ ግን ይህን ልትሰማ አልፈለገችም። እህታችን የጨርቁን ዋጋ ከፈለች፤ የሁለት ሳምንት ድካሟ እዚያው ቀረ። እንዲህ ያለው ነገር በማናችንም ላይ እንዳይደርስ ነው ይህን ሁሉ የምዘረዝረው።

መጀመሪያ ከካውያው ሥር ወይም ከጀርባው የተጻፈውን እናንብብ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። በካውያው ላይ ከ220 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ ይሠራልናል። ቀጥሎ ዋቱን እንይ። ዋቱን ለ220 ስናካፍለው ካውያው የሚስበውን አምፔር እናገኛለን። 1000 ዋት ያለው ወደ 4.5 አምፔር፣ 2200 ዋት ያለው 10 አምፔር ይስባል። ሁለት ትልልቅ ካውያዎችን በአንድ ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ብንሰካ 20 አምፔር ሊያልፍበት ነው። ገመዱ ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል። በክፍላችን ደግሞ በየጥጉ የተከመረው ጨርቅ ነው። ስለዚህ ትልቅ ዋት ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይደለም፤ የቤቱ ሽቦ መቻል አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ ደረቅ ካውያ ወይስ የእንፋሎት የሚለው ነው። የእንፋሎቱ ጥጥንና ወፍራም ጨርቅን ቶሎ ያቀናል። ነገር ግን የውሃ መንገዱ በነጭ ዝቃጭ ይደፈናል፤ በተለይ ውሃው የጉድጓድ ከሆነ። ቆይቶ ቡናማ ውሃ በነጭ ሸማ ላይ ይተፋል። ለእሱ የሚሆነውን ውሃ ማፍላት፣ ማቀዝቀዝና ጠሎ ከላይ መቅዳት ዝቃጩን ይቀንሳል፤ ሥራ ሲያልቅም ከሶኬት ነቅሎ የቀረውን ውሃ መድፋት ያስፈልጋል። ደረቁ ካውያ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። እርጥበት ሲያስፈልገን ውሃ መርጫ ጠርሙስ ወይም እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃናል። በኮሌታ ውስጥ የሚገባውን ሙጫ ያለውን ጨርቅ ለማጣበቅም ታቹ ልሙጥ የሆነው ደረቅ ካውያ ይመረጣል፤ የእንፋሎት ቀዳዳዎቹ ባሉበት ቦታ ሙጫው ሳይይዝ ሊቀር ይችላልና።

ሦስተኛ፣ ክብደቱና አፍንጫው። ስፌት ስንተኩስ ካውያውን አንስተን እንጫናለን እንጂ አንጎትትም፤ ከጎተትን ጨርቁ ይለጠጣል። ትንሽ ከበድ ያለ ካውያ በራሱ ክብደት ይጫንልናል። ግን ቀኑን ሙሉ የምታነሳው እጅ የእኛ ናትና ሱቅ ውስጥ ደጋግሞ ማንሳት ነው። አፍንጫው ሹል ከሆነ በቁልፎች መካከልና በኪስ ጥግ ይገባል።

አራተኛ፣ ራሱን የሚያጠፋ ካውያ። ለቤት መልካም ነው፤ ለእሳት አደጋም ይጠቅማል። በስፌት ሥራ ላይ ግን ጥቂት ደቂቃ ሰፍተን ስንመለስ ቀዝቅዞ እናገኘዋለን፤ እስኪግል መጠበቅ አለ። በየመካከሉ እየሰፋች የምትተኩስ ሰው ይህን አውቃ ትግዛ። ራሱን የማያጠፋውን ከመረጥን ደግሞ የመንቀሉ ኃላፊነት የእኛ ነው።

አሁን ወደ ሱቁ እንሂድ። «እገሌ ገዝታዋለች» ብለን ብቻ አንግዛ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። ሻጩ እንዲሰካልን እንጠይቅ። ሙቀቱን ዝቅተኛው ላይ እናድርገው። ጥቂት ቆይቶ መብራቷ መጥፋት አለባት። ከፍ ስናደርገው ተመልሳ መብራት አለባት። ዝቅተኛው ላይ ሆኖ መብራቷ ጨርሶ ካልጠፋች ሙቀቱ እየተቆረጠ አይደለም፤ ያንን ካውያ እንተወው። ገመዱ ከካውያው በሚወጣበት ቦታ መታጠፍን የሚከላከል ማቀፊያ ይኑረው፤ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እዚያ ነው። ሶኬቱ የመሬት መስመር ያለው ይሁን። ማሽኑን የሚከፍቱት ብሎኖች መኖራቸውንም እንይ፤ ተጣብቆ የተዘጋውን ጠጋኝ አይከፍተውም። ደረሰኝና ዋስትና ሳንይዝ አንውጣ።

በመቆጣጠሪያው ላይ ያሉትን ነጥቦች ለአዲስ አባላት እናስተምር። አንድ ነጥብ እስከ 110 ዲግሪ ሲሆን ለናይለን ነው። ሁለት ነጥብ እስከ 150 ዲግሪ ለሱፍ፣ ለሐርና ለፖሊስተር ነው። ሦስት ነጥብ እስከ 200 ዲግሪ ለጥጥና ለተልባ እግር ነው። የሸማ ቀሚስ ጥጥ ነው ብለን ሦስት ላይ ስናደርግ ጥለቱ ሰው ሠራሽ ክር ሊሆን ይችላል። በቁራጭ ላይ ሳይሞከር የደንበኛ ልብስ አይነካ።

በውጭ ላላችሁ ደጋፊዎቻችን አንድ ቃል። ልግስናችሁን እናከብራለን። ነገር ግን በአሜሪካ የሚሸጠው ካውያ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። በእኛ መብራት ላይ ቢሰካ ከተሠራለት ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይስብና ይቃጠላል። ለዚያ የሚሆን ትራንስፎርመር ደግሞ ከባድ ነው፤ ዋጋውም ካውያውን ሊበልጥ ይችላል። ከአውሮፓ የሚመጣው 230 ቮልት ስለሆነ ይሠራል። የዱባዩም ይሠራል፤ ሶኬቱ ግን ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስላለው መቀየሪያ ይፈልጋል። የካውያውን ዋጋ ብትልኩልን እዚሁ ሞክረን፣ ዋስትና ይዘን እንገዛለን።

መብራት ሲጠፋ የከሰል ካውያችን ይቆየን። ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሁን፤ የከሰል ጭስ ሽታ ባይኖረውም ይገድላል። ደጅ ተቀጣጥሎ፣ አመዱ ተራግፎ፣ መስኮትና በር ተከፍቶ ይሠራበት።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ለስፌት ጠረጴዛዎቹ 1000 ዋት ገደማ የሆኑ ሁለት ደረቅ ካውያዎች፣ ለመጨረሻው ማስተካከያ አንድ የእንፋሎት ካውያ ይገዙ። የእንፋሎቱ በራሱ ሶኬት ላይ ይሰካ፤ በኤክስቴንሽን አይሁን። ሁለት እህቶች አብረው ሄደው ይግዙ። ማታ ማታ ካውያዎቹን ነቅላ በመዝገብ የምትፈርም ተረኛ ትኑረን። አንዱ ካውያ ሲበላሽ ሥራ እንዳይቆምም ከገቢው ጥቂት ለጥገና እናስቀምጥ።

ሌላ ሐሳብ ያላት እህት ትናገር፤ ከዚያ ድምፅ እንስጥ።