አስር ወይስ አስራ ስድስት?

ሰላም፦ ዳዊት፣ እ.ኤ.አ. የ2026ቱ የራግቢ ሊግ የዓለም ዋንጫ በ10 ቡድኖች መወሰኑ ቅር አሰኝቶኛል። ባለፈው 16 ነበሩ።

ዳዊት፦ ያኔ እኮ አውስትራሊያ ስኮትላንድን 84 ለ0 አሸነፈች። እንዲህ ያለ ጨዋታ ማንን ይጠቅማል?

ሰላም፦ ሳሞአስ? በመክፈቻው በእንግሊዝ 60 ለ6 ተረታች። የምድብ ዙር ስለነበረ ግን ዕድሏ አልተዘጋም፤ በግማሽ ፍጻሜው ያችኑ እንግሊዝን በጭማሪ ሰዓት 27 ለ26 ጥላ ለዋንጫ ደረሰች! በጥሎ ማለፍ ቢሆን የመጀመሪያው ቀን ታበቃ ነበር።

ዳዊት፦ እሱስ እውነት ነው። እኔ የምመርጠው የ2013ንና የ2017ን አሠራር ነው። 14 ቡድኖች፤ ከጠንካሮቹ ሁለት ምድቦች ሦስት ሦስት፣ ከጀማሪዎቹ ሁለት ምድቦች ደግሞ አንድ አንድ ያልፋሉ። ጀማሪ መጀመሪያ ከእኩያው ይገጥማል።

ሰላም፦ በዚህ እስማማለሁ። አዘጋጆቹ ያንን ድልድል ይመልሱት።