ጎጆው ቢቀርም ግዴታው አልቀረም



እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ «የአይሁድ ሴት ሃይማኖታዊ ግዴታ» የሚል ነው። ረቢዎች ለሴት በተለይ የሚቆጥሯቸው ትእዛዞች 3 ናቸው፤ ከሊጡ ሐላ መለየት፣ የሰንበት ሻማ ማብራትና የንጽሕና ሕግ። ዛሬ ሦስተኛውን ብቻ ላንሣ፤ እናትና ሴት ልጅ የሚከራከሩት በእሱ ነውና።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15 ሴት በወር አበባዋ 7 ቀን እንድትለይ ያዝዛል። ምዕራፍ 12 ደግሞ ወንድ የወለደች 40፣ ሴት የወለደች 80 ቀን የመንጻት ጊዜ እንዳላት ይናገራል። በጎንደርና በትግራይ መንደሮቻችን ሴቲቱ በመንደሩ ዳር፣ ዙሪያው ድንጋይ በተደረደረ የመርገም ጎጆ ትቆይ ነበር። ስትወልድ ደግሞ የአራስ ጎጆ ነበራት። ቀኗ ሲሞላ ልብሷን አጥባ፣ ገላዋን በወንዝ ታጥባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

እስራኤል ስንገባ ያገኘነው ሥርዓት ሌላ ነው። ሴት ከቤቷ አትወጣም፤ ለቤተሰቡም ታበስላለች። መለየቱ በባልና በሚስት መካከል ነው። ደሙ ከቆመ በኋላ 7 ንጹሕ ቀን ቆጥራ፣ ሚክቬ ገብታ ትነጻለች።

ልጆቻችን «ጎጆው ሴትን ማዋረድ ነበር» ይላሉ። እናቶቻችን «ክብራችን ነበር፤ ያረፍነውም እዚያ ብቻ ነው» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። በክረምት ብርድ ጨቅላ ታቅፎ ጎጆ ውስጥ መሰንበት ቀላል አልነበረም። ቢሆንም በእነዚያ ቀናት እንስራ ተሸከሚ፣ እህል ፍጪ የሚላት የለም።

በክርክሩ መሀል የሚረሳ ነገር አለ። ግዴታው በጎጆ ባለችው ላይ ብቻ አልነበረም፤ በውጭ ባሉት ሴቶችም ላይ ነበር። ምግቡንና ውሃውን አምጥተው ከድንጋዩ አጠገብ የሚያኖሩላት እነሱ ናቸው። ተራው ሲደርስ እሷም ለሌላዋ ታደርጋለች።

ዛሬ አራሷ ፎቅ ላይ ብቻዋን ናት። ባሏ ሥራ ይውላል፤ እናቷ ሌላ ከተማ ትኖራለች፤ ጎረቤቷን በስም አታውቃትም። ሕጉን ረቢ ያስተምራታል፤ ሚክቬውም በየከተማው አለ። ገንፎውን ግን ማን ያደርስላታል?

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከአባሎቻችን አንዷ ስትወልድ ተራ ገብተን ምግብ እናድርስላት፤ ትልልቆቹን ልጆቿንም ከትምህርት ቤት እናምጣላት። ወንድ ለወለደች 40 ቀን፣ ሴት ለወለደች 80 ቀን ይሁን። በዚህስ ቁጥር ልጆቻችንም የሚከፉ አይመስለኝም። ደጋፊዎቻችን የአስቤዛውን ወጪ ብታግዙን፣ ድካሙ የእኛ ነው።

ከስብሰባው በኋላ የተራ መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ስማችሁን ሳታስመዘግቡ እንዳትሄዱ።