ከልጆች ጋር ወደ አውስትራሊያ በረሃ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በሐምሌው የትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቻችሁን ይዛችሁ በስቱዋርት ጎዳና ወደ ኡሉሩ ለመጓዝ ያሰባችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ደግ አሳብ ነው። ይሁን እንጂ ከግሌንዳምቦ እስከ ኩበር ፒዲ ባለው 250 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ነዳጅ ማደያ የለም። «ወደፊት እንቀዳለን» ማለት አያዋጣም፤ ባገኛችሁበት ሁሉ ሙሉ።

አጥብቄ የማሳስባችሁ ግን ስለ ውሃና ስለ መኪናው ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1963 በበርድስቪል መንገድ አንድ ቤተሰብ ነዳጅ አለቀበት። መኪናቸውን ትተው ውሃ ፍለጋ ወጡ፤ አምስቱም እዚያው በረሃ ላይ አለቁ። መኪናው ጥላ ነው፤ ከአውሮፕላንም ቶሎ የሚታየው እሱ ነው። ቢበላሽባችሁ ከአጠገቡ ንቅንቅ እንዳትሉ! ከከተማ ስትርቁ ስልክ ስለማይሠራ የምትደርሱበትን ቀን አስቀድማችሁ ለሰው ንገሩ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ መንዳት አቁሙ፤ ካንጋሮው የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ከ50 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ባለተሳቢዎች አሉና ለመቅደም አትቸኩሉ። ቀኑ ደስ ቢልም የድንኳን ሌሊት ውርጭ ነው፤ ብርድ ልብስ አይረሳ።

ኩበር ፒዲ ላይ ሙቀት ሸሽተው መሬት ውስጥ የተሠሩትን ቤቶች ለልጆቹ አሳዩአቸው። ከዐለት የተፈለፈለ የሰርቢያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም አለ፤ ላሊበላን ባያህልም ያስገርማል። ኡሉሩ ላይ መውጣት ከ2019 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ለአናንጉ ሕዝብ የተቀደሰ ስፍራ ነውና። ዙሪያውን ግን 10 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር መዞር ይቻላል።

የማኅበሩን ድንኳን መዋስ የምትፈልጉ ከሁለት ሳምንት በፊት ለጸሐፊው ንገሩ።